ማን አቆማት?

አጎቴ ዓይኑ እየከዳው መሆኑን ለማንም ትንፍሽ አላለም። እኔም ያወቅኩት በቀይዋ ነጥብ ነው።

ፕሮግራም ሲያስቸግረን፣ እንዲቆም የምንፈልግበትን መስመር መርጠን ዳሩ ላይ በማውስ ጠቅ እናደርጋለን። ቀይ ነጥብ ትበራለች፤ ፕሮግራሙም ሲሮጥ መጥቶ እዚያች መስመር ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል። ያኔ ሆዱን ከፍተን እናያለን፤ ይሄ ቁጥር ስንት ሆነ፣ ያኛው ስም የት ገባ እያልን። ይህን የሚያደርግልንን መሣሪያ ዲበገር እንለዋለን። አጎቴ ታዲያ ነጥቧን አንድ መስመር ዝቅ አድርጎ ይተክላታል፤ ፕሮግራሙ የማይሆን ቦታ ሲቆምበት ደግሞ "ዛሬ ምን ነካት?" እያለ ማሽኗን ይወቅሳል። አንድ ቀን ከኋላው ቆሜ አየሁት። አንገቱን አጣሞ፣ ስክሪኑን በዓይኑ ጠርዝ ነበር የሚያየው።

"ጋሼ፣ ምን ሆነሃል?"

"መሀል መሀሉ ጠፋብኝ። ዳር ዳሩ አለ" አለኝ፣ ከሸሚዙ ቁልፍ እንደወለቀበት ሰው ቀለል አድርጎ። ወደ እኔ ዞረ። "አሁን አንቺን ሳይሽ ፊት የለሽም። ጆሮሽ ግን አምሮበታል።"

ሳቅኩለት። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውሃውን ከፍቼ አለቀስኩ። የዓይን ሐኪሙ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውም እየቀነሰ ይሄዳል ብሎታል። አጎቴ ይህንን ሲነግረኝ አንዴም ድምፁ አልተሰበረም፤ እኔ ግን ሐኪሙን ባገኘው አንቀው ነበር።

አጎቴ የእናቴ ወንድም ነው። የምንሠራበት የአውቶቡስ ድርጅት ውስጥ ከማንም በፊት የገባ ነው፤ ሙያውንም ያስተማረኝ እሱ ነው። በወጣትነቱ፣ የስምሪት ክፍል ሰዎች የሚፈልጉትን ነገር ቶሎ የሚጽፍበት ስላጣ፣ ተናዶ የራሱን የፕሮግራም ቋንቋ ሠራ። ቃላቷ ጥቂት፣ ሕጓ አጭር ስለሆነ "ትንሿ" አላት። ከዚያ ወዲህ የሹፌሮች የፈረቃ ድልድል፣ የጎማ ቅያሪ ማስታወሻ፣ የነዳጅ ሂሳብ፣ የጣቢያዎቹ የሰዓት ሰሌዳ፣ ሁሉም የተጻፈው በትንሿ ነው። ልጅ የለውም። ሚስቱ፣ እትዬ፣ "ምን ጎደለህ፣ የወለድካት አድጋ አውቶቡስ ታሰማራልሃለች" እያለች ትነዘንዘዋለች።

አለቃችን የዓይኑን ነገር ሲሰማ ማየት ለማይችሉ የሚያነብ ፕሮግራም ገዛለት። አለቃችን ያለ "ለነገሩ" አፉን ስለማይከፍት ስሙም "ለነገሩ" ሆኖ ቀርቷል፤ ክፉ ሰው አይደለም። የገዛው ነገር ግን ስክሪኑ ላይ ያለውን ሁሉ ከራስ እስከ ግርጌ በሴት ድምፅ ይለፈልፋል። አጎቴ የአንድ ቁጥር ዋጋ ለማወቅ የአሥር ቁልፎች ስም መስማት አለበት። ሁለት ቀን ታገሰና ማዳመጫውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

"እንግዲህ ጡረታ ነው" አለ።

"አፍህን ዝጋ!" አልኩት። ለአጎት እንዲህ አይባልም፤ ግን ከአፌ አመለጠኝ። እሱ የሥራ መግቢያ ስሜን ሲመዘግብ "ቁጡ" ብሎ የጻፈው ያለ ምክንያት አይደለም። እስከ ዛሬ ማሽኖቹ ሁሉ ቁጡ እያሉ ነው የሚያውቁኝ።

ዲበገሩ ለዓይን የተሠራ ነበር። እኔ ያሰብኩት ለእሱ ሌላ በር ልከፍትለት ነው፤ በጽሑፍ የሚታዘዝ፣ በዚያችው ሴት ድምፅ በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር የሚመልስ። በዚያ ላይ ደንብ የሚቀበል። "የሹፌሩ ስም ባዶ ሲሆን አቁሚና ንገሪኝ" ብሎ በራሷ በትንሿ አንዴ ይጽፍላታል፤ ከዚያ እሱ ወንበሩ ላይ ደገፍ ብሎ ሻዩን ሲጠጣ እሷ ትጠብቅለታለች። ለነገሩ ፈቀደልኝ። "ለነገሩ ሌላ ሥራሽ እንዳይጓደል" አለ፣ ሌላ ሥራዬ ግን ተጓደለ።

ስሠራው አበሳዬን አየሁ። አንድ ቀን ዲበገሩን በራሱ ዲበገር ልመርምረው ብዬ ሁለቱም ቆመው ቀሩ፤ ያኛው ይሄኛው እስኪፈታው ይጠብቃል፣ ይሄኛው ያኛው እስኪፈታው። እኔም መሀላቸው አፌን ከፍቼ ተቀመጥኩ። አጎቴ የሆነውን ስነግረው እንባው እስኪመጣ ሳቀ። መጀመሪያ ያወጣሁለት ደግሞ እያንዳንዷን መስመር የሚያወራ ነበር። "ይቺ ሴትዮ ወሬኛ ናት" አለና የመጀመሪያ ደንቡን ጻፈላት፦ ካልጠየቅኩሽ ዝም በይ።

ወዲያው ደግሞ ሌላ አማረው።

"ፕሮግራም ስትቆም ለምን እንደቆመች ብቻ ሳይሆን ማን እንዳቆማትም ትንገረኝ። እዚህ ቤት ሰው ነገር ይነካና 'እኔ አይደለሁም' ይላል።"

"ማን አቆማት ስትላት ስም እንድትጠራልህ ነው?"

"እሱን ነው የምልሽ።"

ቀላል ነበር። ጨምሬለት ረሳሁት።

የፈረቃው ድልድል ለሁለት ሹፌሮች አንድ አውቶቡስ እየሰጠ ግቢው ውስጥ ጠብ የሚፈጥርበት ሰሞን ነበር። ማንም ያላገኘውን ሳንካ አጎቴ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ማዳመጫውን አድርጎ ጆሮውን ጣለበት። ደንቡን ጻፈ፣ ጠበቀ። በድንገት እጁን አነሳ። "ያዝኳት! ተጠባባቂውን ሁለቴ ነው የምትቆጥረው!" የስምሪት ክፍሉ ሰዎች ከበሩ ላይ እልል አሉለት። እኔ በሕይወቴ የሠራሁት ነገር እንደዚያን ቀን አስደስቶኝ አያውቅም። እትዬም ማታ ደውላ "ከሴትዮይቱ ጋር ቀኑን ሙሉ ሲያወራ ውሎ እኔ ጋ ሲመጣ አፉ ደክሞታል፣ አንቺ ነሽ ያጋባሻቸው" አለችኝ። ድምፅዋ ውስጥ ግን ደስታ ነበር።

ደረጃ ላይ ብቻ ነው የማንስማማው። ቢሯችን ሁለተኛ ፎቅ ነው፤ መብራቱ ደብዛዛ፣ የደረጃው ጠርዝ የተሸራረፈ። ክንዱን ልይዘው እጄን ስዘረጋ ይመነጭቀኛል። "እግሬ ማየት አላቆመም" ይላል።

ከዚያ አንድ ደንብ ለራሱ ደስታ ብሎ ጻፈ። በትንሿ የተጻፈ ማንኛውም ፕሮግራም ሥራ ሲጀምር ስሙ በጆሮው እንዲጠራለት ነው። ጠዋት ቁጭ ሲል "ድልድል ተነሳች" ይባልለታል። "ጎማ ተነሳች።" "ነዳጅ ተነሳች።" "ሰሌዳ ተነሳች።" አጎቴ እጆቹን ሆዱ ላይ አጣምሮ ያዳምጣል። ቤተሰቡ ከእንቅልፉ ሲነሳ የሚሰማ አባት ነበር የሚመስለው።

ለነገሩ ቢሮው የጠራኝ ያኔ ነው። በሩን ዘጋው።

"ለነገሩ ውሳኔው የእኔ አይደለም" ብሎ ጀመረ። ድርጅቱ ሁሉን የሚሠራ አዲስ ሲስተም አስመጥቷል። በትንሿ ያሉት ፕሮግራሞች አንድ በአንድ ወደዚያ ይዛወራሉ፣ የተዛወረው ይዘጋል። ትንሿን ከአጎቴ ሌላ በደንብ የሚያውቅ እኔ ብቻ ስለሆንኩ የምዘጋትም እኔ ነኝ።

"እሱስ?"

"አማካሪ ይሆናል። ክብሩ እንደተጠበቀ ነው፤ ወንበሩም፣ ጠረጴዛውም።"

"አማካሪ ሆኖ ምን ይሠራል?"

ለነገሩ ወረቀቶቹን መሰብሰብ ጀመረ። "አሁን እንዳትነግሪው። እኔ ራሴ እነግረዋለሁ፣ በሥርዓቱ።"

ጮህኩ፣ ጠረጴዛውን መታሁ። እሱ እንኳን አልተቆጣም፤ አንገቱን ደፍቶ እስክጨርስ ጠበቀኝ፣ ያም ይበልጥ አቃጠለኝ። እምቢ ብል ትንሿን የማያውቅ ሰው ይገባባታል፣ አውቶቡሶቹ ይቆማሉ፣ ጥፋቱም የአጎቴ ቋንቋ ነው ይባላል። የትም ብዞር መውጫ አጣሁ። እሺ ብዬ ወጣሁ።

መጀመሪያ የዘጋሁት የጎማውን ነው። ትንሽ ፕሮግራም ናት፤ ማንም አያስታውሳትም ብዬ መረጥኳት። ትእዛዙን ስጽፍ አጎቴ ከእኔ አንድ ክንድ ርቆ ተቀምጧል። በማግስቱ ጠዋት ድልድል ተነሳች፣ ነዳጅ ተነሳች፣ ሰሌዳ ተነሳች። አጎቴ ጠበቀ። ማዳመጫውን በእጁ አስተካከለ።

"ጎማ ዛሬ አረፈደች" አለ።

"ሰርቨሩ ከብዶት ይሆናል" አልኩ። ፊቴን እንደማያይ ትዝ አለኝና ተመስገን አልኩ፤ ያልኩትም አሳፈረኝ።

"ይሆናል" አለ።

ለነገሩ ጋ ተመላለስኩ። "ለነገሩ ዛሬ ስብሰባ አለብኝ።" "ለነገሩ ሰኞ ይሻላል።" ሰኞ መጣ፣ ሄደ። እኔም ጠዋት ጠዋት ዛሬስ እነግረዋለሁ ብዬ ከቤት እወጣለሁ። ቢሮ ስደርስ ማዳመጫውን አድርጎ፣ ጭንቅላቱን ትንሽ ዘንበል አድርጎ ሲጠብቅ አየዋለሁና ወደ ጠረጴዛዬ አልፋለሁ። ፈሪ ነኝ። ቁጣዬ ሁሉ ለማይረባ ነገር ነው የሚበቃው።

የነዳጁን ዘጋሁ። የፈረቃውን፣ ያቺን እልል የተባለላትን፣ ዘጋሁ። እሷን የዘጋሁ ቀን ምሳ አልበላሁም። አጎቴ ስለ አንዳቸውም አልጠየቀኝም። መጠየቅ መተዉን ለበጎ ቆጠርኩት፤ ደንቡን አጥፍቶት ይሆናል፣ ሰልችቶት ይሆናል አልኩ።

እትዬ ደወለች። በዚህ ጊዜ አልቀለደችም።

"ምን አድርጋችሁት ነው? ቤት ይመጣል፣ ይቀመጣል። ሬዲዮ እንክፈት ስለው 'ዝም በይ እስቲ፣ እየሰማሁ ነው' ይለኛል። ምኑን ነው የሚሰማው? ቤቱ ጭር ብሎ?"

"ሥራ በዝቶበት ነው እትዬ።"

"አንቺ ልጅ፣ እኔን አትዋሺኝ።"

ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።

በመጨረሻ የቀረችው ሰሌዳ ነበረች። ለነገሩ "እሷ ስታልቅ እነግረዋለሁ" ብሎኛል። ከሰዓት በኋላ ዘጋኋት። ከመስኮታችን በታች ያለው የጣቢያ ሰሌዳ አንዴ ጠቆረና በአዲሱ ሲስተም በሰማያዊ ጽሑፍ ተመልሶ በራ። መንገደኞቹ ቀና ብለው አይተው አውቶቡሳቸውን ፍለጋ ሄዱ። ምንም የጎደለባቸው ነገር የለም።

በማግስቱ ጠዋት አጎቴ መጣ፣ ማዳመጫውን አደረገ፣ እጆቹን ሆዱ ላይ አጣመረ። ምንም የሚጠራ ስም የለም። እያየሁት ተቀመጠ፣ ተቀመጠ። ዝምታውን መቋቋም አቃተኝ።

ዲበገሩን ስሠራ ለመሞከሪያ የጻፍኳት ፕሮግራም ትዝ አለችኝ። በትንሿ የተጻፈች ናት፤ ስሟ "ሙከራ" ነው። አንድ ቃል ትይዛለች፣ "አለሁ" የሚል፣ ጥቂት ቆጥራ ቃሉን ስክሪን ላይ ትጽፍና ታበቃለች። ከኔ ጠረጴዛ ሆኜ አስነሳኋት። የአጎቴ ቅንድብ ከፍ አለ። በጆሮው "ሙከራ ተነሳች" እንደተባለ አወቅኩ። ስክሪኔ ላይ "አለሁ" ተጻፈ። ስትጨርስ ደግሜ አስነሳኋት። አለሁ። ደግሜ። አለሁ። ሌላ የማደርግለት ስላልነበረኝ ይህንኑ ሳደርግ አረፈድኩ። ሥራ የምሠራ እንድመስል ቁልፎቹን አለፍ አለፍ እያልኩ እመታለሁ።

ከዚያ ሙከራ መሀል መንገድ ላይ ቆመች። አልጨረሰችም፣ አልተበላሸችም፤ ቆመች። እኔ ያስቆምኩበት መስመር አልነበረም። ምን ነካት ብዬ ከመጠየቄ በፊት የራሴው ዲበገር ስክሪኔ ላይ ጻፈልኝ፦ ያቆማት፣ ጋሼ።

ዞር አልኩ። አጎቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳደረገ ነው፤ ጣቶቹ ግን ቁልፎቹ ላይ ናቸው፣ ይጽፋል። በዚያች ሰዓት ነው የገባኝ። ማን አቆማት ብሎ ሲጠይቅ ስም እንድትጠራለት ያደረግኩት እኔው ነኝ። ጎማ በቀረችበት ጠዋት ጠይቋታል። ሴትዮይቱም በዚያ ስሜት በሌለው ድምፅዋ ነግራዋለች፤ ቁጡ። በነዳጁ ቀን ቁጡ። በድልድሏ ቀን ቁጡ። ሁሉን በጆሮው ተቀብሎ ከእኔ ጋር ሻይ ጠጥቷል።

የቆመች ፕሮግራም የያዘችውን ቃል መለወጥ ይቻላል። ያንንም በር የከፈትኩለት እኔ ነኝ። ለውጦ ሲያበቃ ለቀቃት። ሙከራ ከቆመችበት ቀጠለች፣ ቆጠራዋን ጨረሰች፣ "አለሁ" ትልበት የነበረው ቦታ ላይም ጻፈች፦

ከጎማዋ ቀን ጀምሮ አውቃለሁ። ትነግሪኛለሽ ብዬ ስጠብቅ ነበር።

መልስ ለመጻፍ እጄን ቁልፎቹ ላይ አደረግኩ። ይቅርታ ልበል፣ ለነገሩ ነው ያዘዘኝ ልበል፣ አላወቅኩም። ተነስቼ አጠገቡ ቆምኩ፤ ማልቀሴን አልደበቅኩም፣ ለማን ብዬ እደብቃለሁ።

አጎቴ ማዳመጫውን አወለቀ። ገመዱን ጠቅልሎ፣ በራሱ ጫፍ አስሮ፣ መሳቢያው ውስጥ አስገባው። ኮቱን ከወንበሩ ላይ በእጁ ፈልጎ አገኘና ለበሰው። ወደ ቤት የሚሄድበት ሰዓት ገና ነበር። ወዴት ብዬ አልጠየቅኩትም፤ ከኋላው ተከተልኩ።

ደረጃው አፍ ላይ ሲደርስ ቆመ። በእግሩ ጫፍ ጠርዙን ዳሰሰ። ከዚያ ክንዱን ከጎኑ ራቅ አድርጎ ዘረጋልኝ።

"ያዢኝ" አለ።

ያዝኩት። ክንዱ ከኮቱ ውስጥ ከጠበቅኩት በላይ ቀጥኗል። አንድ ደረጃ ወረድን፣ ቆምን፣ ሌላ ወረድን።