ድጓው ላይ የሌለው ቁርጥ

ሕዝቅኤል ከሰፈሩ ከዘንዘልማ ወደ ሥራው ፔዳ በሚኒባስ ሲመላለስ ሰው አያናግርም። ጆሮው ላይ አባቱ አሉ። አባቱ መሪጌታ ወልደ ገብርኤል ካረፉ ዓመት ከመንፈቅ ሆኗቸዋል፤ ድምፃቸው ግን ከክብሪት ቀፎ በማትበልጥ ማጫወቻ ውስጥ ተቀምጧል። ስልክ እያለው ለምን እሷን ይዞ እንደሚዞር የሚጠይቁት አልጠፉም። መልሱ አጭር ነው፤ ስልኩ አለቃውን ያመጣበታል፣ እሷ ማንንም አታመጣም።

እውነቱን ለመናገር ዜማ ብቻ አልነበረባትም። ዘፈንም አለባት፤ ቅደም ተከተል ስለማታውቅ ከአባቱ ድምፅ ቀጥሎ እስክስታ የሚያስወርድ ነገር ታመጣበትና ትከሻውን ይዞ ይቀመጣል። ከእሷ በፊት መንገዱ አቧራና የረዳት ጩኸት ነበር። አሁን ግን ሚኒባሱ እስኪሞላ መጠበቅ የማይሰለቸው ተሳፋሪ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ዘንድሮ አንድ ነገር ከልቡ ፈለገ። ሐይቁ ዳር ያለው ደብራቸው ሲነግሥ፣ በማኅሌቱ በአባቱ ቦታ መቆም። ልጅ ሳለ ዜማ ጀምሮ ለዘመናዊ ትምህርት ብሎ የተወ ሰው ነው፤ አሁን ኮሌጅ ውስጥ መዝገብ ቤት ይሠራል። እዚያ ቦታ ደግሞ በውርስ አይቆምም፤ የደብሩ የዜማ መምህር መሪጌታ ፍሬ ስብሐት ፊት ቀርቦ ማሰማት ግድ ነው። ስለዚህ አባቱ ያዜሙለትን የበዓሉን ዜማ ዓመት ሙሉ እየደጋገመ ከማጫወቻዋ አጠና።

ቀኑ ሲደርስ መሪጌታ ፍሬ ስብሐት ግቢው ውስጥ ዋርካ ሥር ድጓቸውን ዘርግተው ተቀመጡ። ሕዝቅኤል አዜመ። መጀመሪያ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ኋላ ግን ጣታቸውን አነሡ።

«እዚህ ላይ ለምን ቆረጥህ?»

«እንዲህ ነው የያዝሁት፣ የኔታ።»

«ምልክቱን እይ። ቁርጥ የለበትም፤ ሳታቆም በአንድ ትንፋሽ ነው የምታልፈው። ማን አስተማረህ?»

«አባቴ ናቸው።»

መሪጌታ ተቆጡ። «እኔና ወልደ ገብርኤል አንድ ጉባኤ ቤት ነው ያደግነው። እሱ እዚህ ላይ አይስትም።»

ሕዝቅኤልም ትንሽ ተናደደ። ማጫወቻዋን አውጥቶ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ ሰካላቸው። መሪጌታ ዐይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ያ ቦታ ሲደርስ «መልሰው» አሉት። ሦስት ጊዜ አስመለሱት።

«መቼ ነው ይህን የቀዳኸው?»

«ሊያርፉ ሦስት ወር ሲቀራቸው። ከፊታቸው ተቀምጬ።»

መሪጌታ ማዳመጫውን ቀስ ብለው አወጡ። «ይህ ዜማ አይደለም፣ ልጄ። ትንፋሽ አጥሮት ነው። ለካ ያኔም ታሞ ነበር። እኔን ደህና ነኝ ይለኝ ነበር።»

ሐኪሞቹ የአባቱ ልብ መድከሙን ለሕዝቅኤል የነገሩት በመጨረሻው ሳምንት ነው። ያን ቀን ግን ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ ስትቀዳ የሚበራውን የማጫወቻዋን መብራት ሲጠብቅ አባቱን አላያቸውም። ከዚያ ወዲህ ያችን ትንፋሽ ስንት መቶ ጊዜ ሰማት፤ ያውም ውብ ቁርጥ መስላው። ራሱን ጠላ።

«በል ከላይ ጀምረው» አሉ መሪጌታ። «ሳትቆርጥ ካለፍኸው ትቆማለህ።»

ጀመረ። ያች ቦታ ስትቀርብ ፈራ፤ ነገር ግን ምንም አልከበደውም። ጤነኛ ሰው ነውና ትንፋሹ በቃው፣ እንዲያውም ተረፈው። መሪጌታ ድጓውን አጥፈው «ትቆማለህ» ሲሉት ፊቱን ወደ ሐይቁ አዙሮ ያለቅስ ነበር።