የገዛ ጀርባ ልክ

ልብስ ሰፊው በሕይወቱ አንድም ልክ ስቶ አያውቅም። ይህን የሚለው እሱ ብቻ ቢሆን ጉራ ነው ብለን በተውነው ነበር፤ ግን አላፊ አግዳሚውን በመስኮት እያየ የወገቡን ስፋት ሲጠራ፣ ሜትር ይዘው ሊያጣሩ የሄዱት ሁሉ አፍረው ተመልሰዋል። በጠረጴዛው ላይ ዝንብ ብታልፍ የካፖርቷ ልክ ከእሱ አታመልጥም። በዚህ የተነሣ መደዳው ሁሉ «ሚሊሜትር» ይለዋል።

መደዳው የባለሙያዎች ነው፤ ሃያ ሁለት ክፍል፣ ግድግዳውም ወረቀት። በመጀመሪያው ክፍል ያስነጠሰ ሰው ከመጨረሻው ክፍል «ይማርህ» ይባላል። ከሁሉም የቆየው ደንባቸው አንድ ነው፦ ለብቻ የማይሆን ሥራ የገጠመው «እጅ!» ብሎ ይጮኻል፤ የሰማ የያዘውን ጥሎ ይመጣል። መስታወት ቆራጩ በር የሚያህል መስታወት ሲያነሣ «እጅ!» ነው፤ ፍራሽ ሠሪዋ ፍራሽ ስትገለብጥም «እጅ!» ነው። ለምን የለ፣ ምስጋና የለ።

ሚሊሜትርም ለራሱ ልብስ በሰፋ ቁጥር «እጅ!» ይል ነበር። ዓለሙን ሁሉ የለካ ሰው እንኳ የገዛ ጀርባውን አይለካማ! ያን ጊዜ የሚመጣው የግድግዳ ጎረቤቱ ጫማ ሠሪው ነው። ሜትሩን ከትከሻ እስከ ትከሻው ዘርግቶ በአውራ ጣቱ ይጫንና፣ «አርባ ሰባት። በሬ!» ይለዋል። ሃያ ዓመት እንዲህ ኖሩ።

ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን ከሚሊሜትር ክፍል «እጅ!» ተብሎ አያውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ መደዳው ግማሹ ዘግቶ ሄዶ፣ እሱ የአንድ ትልቅ ሰው ኮት ሊጨርስ አንድ እጅጌ ቀርቶት ነበር። ከግድግዳው ማዶ «እጅ!» የሚል ጩኸት ሰማ። እግሩ ፔዳሉ ላይ ቆመ። «ሌላ ሰው አይጠፋም» አለ በልቡ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ መስፋቱን ቀጠለ። ጫማ ሠሪው ብቻውን ደግፎ የያዘው የቆዳ መደርደሪያ ሲወድቅ ሃያ ሁለቱም ክፍል ተናወጠ፤ የጫማ ሠሪው አውራ ጣት ተሰበረና ተጣሞ ቀረ። ጫማ ሠሪው ለጠየቀው ሁሉ «ስፌት መኪናው እየጮኸ በምን ይስማ?» አለ። ሚሊሜትርም አላስተባበለም። ሚስቱን ቀብሮ ገና ዓመቱ ነበር፤ ሴት ልጁም ሌላ ከተማ ናት። ይህንን ዝምታ ደባል አድርጎ ይኖር ጀመር።

ከዚያ ወዲያ የሌላ ሰው «እጅ!» ሲሰማ ከሁሉም ቀድሞ ይሮጣል፤ ተሸክሞ፣ ገልብጦ፣ ወንበር እስኪሳብለት ሳይጠብቅ ይመለሳል። የራሱን ጠረጴዛ ግን ብቻውን በወገቡ እየገፋ ነው የሚያዞረው።

አሁን ደግሞ እሑድ ልጁን ሊድር ነው። በስልክ፣ «አባዬ፣ ያን ክርኑ ያለቀ ኮት ለብሰህ ብትመጣ ከበር ነው የማስመልስህ!» አለችው።

«ልጄ፣ ሙሽራው ደንግጦ ቦታውን የሚለቅልኝ ሱፍ ነው የምለብሰው!»

በአርባ ሰባቱ ቆረጠ፤ ሰፋ፤ ለበሰ። ኮቱ እላዩ ላይ ድንኳን ሆነ። ጥፋቱን ጨርቁ ላይ ጫነ። አርብ ከሰዓት የጀርባውን ክፍል ፈትቶ ሲያየው፣ ጨርቁ ዳግም የሚቆረጠው አንዴ ብቻ ነው፤ ከተሳተ ያው ክርኑ ያለቀው ኮት ነው። የሜትሩን ጫፍ ሚስማር ላይ አሰረና ጀርባውን ለካ፦ አርባ አንድ። በጥርሱ ነክሶ ሞከረ፦ ሃምሳ ሦስት። በበሩ ማጠፊያ አጣብቆ ተሽከረከረ፦ አርባ ዘጠኝ። በአንድ ከሰዓት ሦስት ጀርባ ያወጣ ሰው ከእሱ በፊት አልነበረም።

ፍራሽ ሠሪዋ በበሩ ስታልፍ ሜትር ተጠምጥሞበት አገኘችው።

«አንተ፣ ከሜትር ጋር ትግል ገጠምክ?»

«አዲስ ዘዴ ነው፣ እትዬ።»

«ዘዴህ ሊያንቅህ ነው። እጅ ብትል ምላስህ ይቆረጣል? እኔ እንዳልለካህ ዓይኔ ቁጥር አይለይም።» ግድግዳውን በአገጯ አሳየችውና ሄደች።

ሚሊሜትር ሜትሩን ከአንገቱ ፈታ። ኋላ አፉን ከፈተ፤ ድሮ ጣሪያ የሚያነሣው ድምፁ የጫጩት ሆኖ ወጣ፦

«እጅ…»

ከግድግዳው ማዶ መዶሻው ቆመ።

ከዚያ ቀጠለ። ቋ፣ ቋ።

ሚሊሜትር የልብስ ክምር ላይ ቁጭ አለ። ለካ እንዲህ ነው የሚሰማው! ሁለት ዓመት ሙሉ የወደቀውን መደርደሪያ ሲያስብ፣ ከመውደቁ በፊት የነበረችውን ያቺን ቅጽበት አንድም ቀን ከግድግዳው ማዶ ሆኖ አላሰባትም።

ሦስተኛው ምት ሲጠበቅ በሩ ተከፈተ። ጫማ ሠሪው ከንፈሩ መሃል ሚስማር እንደነከሰ ገባ።

«ሶሉ እንዳይከዳኝ እየመታሁ ነበር። ዙር።»

ሜትሩን ዘረጋ። የተጣመመው አውራ ጣት ትከሻው ላይ ሲያርፍ ሚሊሜትር ለየው፤ እንደ በፊቱ በሆዱ ሳይሆን በጎኑ ነው የሚጫነው።

«አርባ ሦስት።»

«አርባ ሰባት ነኝ እኮ!»

«ነበርክ።» የትከሻውን አጥንት በጣቱ ዳሰሰና፣ «እህል ትበላለህ አንተ?» አለ።

ሚሊሜትር ሳይዞር፣ ለግድግዳው ተናገረ። «ያን ቀን ሰምቼህ ነበር።»

«አውቃለሁ። መኪናህ ቀጥ አለ። ከዚያ ቀጠለ።»

«ታዲያ አልሰማም ብለህ ለምን ሸፈንከኝ?»

«መደዳው ቢያውቅ፣ አንተ እጅ ስትል ማን ይመጣልህ ነበር?» ሜትሩን ጠቅልሎ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «አንተ ደግሞ ጀርባ አለህ።»

ሚሊሜትር የተከመረውን ልብስ ከወንበሩ ላይ ጠረገና ወንበሩን ሳበለት። ጫማ ሠሪው ወንበሩን አየው፤ አልተቀመጠም።

«ሶሉ ማጣበቂያው ሳይደርቅ ልመለስ» አለ። ከበሩ ላይ ግን ዞር አለ። «ስፌቱ ላይ ትርፍ ጨርቅ ተውለት። የወፈርክ እንደሆነ ይለቀቃል።»

ሄደ። መዶሻው ከማዶ ጀመረ። ባዶው ወንበር መሃል ክፍሉ ላይ ቀረ።

ሚሊሜትር ጠመኔውን አነሣ፤ አርባ ሦስት ላይ አሰመረ። ከዚያ፣ በመቀሱ አንድ ሚሊሜትር ጨርቅ አባክኖ የማያውቀው ሰው፣ ከመስመሩ ውጭ ግራና ቀኝ አንዳንድ አውራ ጣት ትርፍ ለካና ቆረጠ።