ድንኳ ሞተርና የቅበላው አጋዘን

፩

ፍሬኗ ግንድ ነው።

አዎ፣ ግንድ። የወይራ ግንድ፣ በሰንሰለት ከኋላዋ የታሰረ። ዳገት ላይ ከጭነቱ ጋር ይጫናል። ቁልቁለት ላይ ይወርድና መሬቱን እየቧጠጠ ሞተሯን አንቆ ይይዛታል። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ፍሬን ያላት ሞተር አንዲት ብቻ ናት። እሷም ኦዳ ዲማ በምትባል የጫካ ዳር ከተማ፣ በብስክሌት ጠጋኙ በጋሽ ጌጡ ግቢ ትገኛለች። ሌላ አለ የሚል ካለ ይዞ ይምጣና እንወዳደር።

፪

ስሟ ድንኳ ነው። ከመሬት እስከ ኮርቻዋ የአንድ ፍየል ቁመት አላት። ጎማዎቿ ከድፎ ዳቦ አይበልጡም። ካቻምና ለአደን የመጣ አንድ ፈረንጅ በካምፑ ሜዳ ሊጫወትባት አምጥቷት፣ በሦስተኛው ቀን ሞተሯ ነክሶ አልዞር አለ። ሲሄድ እሷን፣ ጀነሬተሩን ለጠገነለት ለጌጡ ሰጣት።

ጌጡ እንደሚለው ግን ስጦታው ለጀነሬተር አይደለም። ፈረንጁን ከነብር መንጋጋ ስላወጣው ነው። ነብሩ ሦስት ሜትር ነበር፤ ጅራቱ ሳይቆጠር።

ጌጡ ዕድሜው ሃምሳ ሁለት ነው። ሲያወራ የሰማው ሰው ግን መቶ አምስት ይሰጠዋል፤ ያን ሁሉ ጀብዱ በአንድ ዕድሜ ሠርቶ የሚጨርስ የለምና።

፫

አሁን ወደ ጉዳዩ።

በከብት በሽታ ምክንያት የከብት ገበያው ከተዘጋ አምስት ሳምንት ሆኖታል። ሥጋ ቤቱ በሩ ላይ ቁልፍ አንጠልጥሏል። እሑድ ደግሞ ቅበላ ነው። ሰኞ ሁዳዴ ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ ሃምሳ አምስት ቀን ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ ቅቤ የለም። ቅበላን በሽሮ ያሳለፈ ክርስቲያን በኦዳ ዲማ ታሪክ አልተሰማም።

ተስፋው አንድ ነበር። በዚያው እሑድ፣ ፈቃድ የያዘ ሌላ ፈረንጅ ጨፌ ጫካ ውስጥ አንድ የደጋ አጋዘን ሊጥል ነው። ደንቡ የታወቀ ነው፤ ቀንዱና ቆዳው የአዳኙ፣ ሥጋው የከተማው ሰው። ችግሩ መንገዱ ነው። ጌጡ እንደሚለው ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደል ለገደል። በሰው ትከሻ የሚወርድ ሥጋ የሚደርሰው በማግስቱ ነው። በማግስቱ ማለት ሰኞ። ሰኞ ማለት

ጾም።

፬

ጌጡ ማክሰኞ ዕለት ጠጅ ቤት፣ በአሥራ አራት ሰው ፊት የማለው፦

"እሑድ ከአሥር ሰዓት በፊት አጋዘኑን ከዋርካው ሥር ባላራግፍላችሁ፣ ይሄ እጅ መፍቻ አይጨብጥ! ከዚያ ወዲያ ጌጡ አትበሉኝ፤ ወሬኛ በሉኝ!"

"እሱንማ አሁንም እንልሃለን" አለ አንዱ ከጥግ።

ሁሉም ሳቀ። ነገር ግን ሲወጡ አንድ በአንድ ትከሻውን መታ መታ እያደረጉት ነበር የወጡት። ጌጡ እቤቱ እስኪደርስ ትከሻው ከበደው። የሳቁትን ሰዎች ያውቃቸዋል፤ ሌላ ተስፋ ቢኖራቸው ኖሮ አይነኩትም ነበር።

፭

የተጨመረላት፦

የኋላ ጥርስ። ሰንሰለቱ የሚዞርበት፣ ከትልቅ ሞተር ሳይክል የተነቀለ፣ ሰፊ። ሩጫዋን ቀንሶ ጉልበቷን አበዛ።

የኋላ ጎማው ላይ ገመድ ተጠመጠመ፣ ጭቃ ላይ እንዳትንሸራተት።

ከኋላ የምትጎትተው፦ ለሁለት የተሰነጠቀ በርሜል፣ በጋሪ ጎማ ላይ። (ሐሳቡ ለጌጡ በሕልሙ የመጣ ነው።)

ግራና ቀኝ፦ ከአልጋ ብረት የተበየደ ቅርጫት። አልጋው የማን እንደነበር እዚህ አይጻፍም።

የይርገዱ፣ የጌጡ ሚስት፣ ማስታወሻ፦ ይጻፍ እንጂ! የኔ አልጋ ነው። ከረቡዕ ጀምሮ መሬት ነው የምንተኛው።

፮

የተቀነሰባት፦

ማርሚታ።

"ምነው ድምፅ ማፈኛዋን ፈታኸው?" አለች ይርገዱ ጆሮዋን ይዛ።

"ከሩቅ ትሰማ!"

"አንተ አለህ አይደል እንዴ፣ ከሩቅ የምትሰማ?"

፯

እሑድ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት። የደወለው ቃሲም ነው፤ የጌጡ የልጅነት ጓደኛና የአደኑ መንገድ መሪ።

ቃሲም፦ ኮቴውን አግኝተናል። አሁኑኑ ተነስ።

ጌጡ፦ ተነስቻለሁ! እየበረርኩ ነው!

ቃሲም፦ አፍህ ውስጥ ምግብ አለ።

ጌጡ፦ ነፋሱ ነው።

ቃሲም፦ ስማኝ ጌጡ፣ ቀልድ አይደለም። እዚህ ያለነው እኔና ሁለት የአጎቴ ልጆች ነን፤ ሦስታችንም ሙስሊሞች። አጋዘኑ ሲወድቅ፣ ነፍሱ ሳትወጣ በስመ አብ ብሎ የሚያርደው ክርስቲያን ከሌለ ያንተ ሰፈር አይቀምሰውም። ቢላህን ይዘህ ድረስ።

ጌጡ፦ ከጥይቱ ቀድሜ ካልደረስኩ ምን አለ በለኝ!

፰

የጉዞው ዝርዝር፦

3:20 ተነሳ።

3:25 ቆመ። ቦኖ ላይ ውሃ የሚቀዱ ሰዎች ሞተሯን ማየት ነበረባቸው።

3:50 ተነሳ።

3:55 ቆመ። የጤና ኬላዋ ነርስ "ምንድን ናት ደግሞ ይቺ?" አለች። በአጭሩ ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጀ።

4:40 ቆመ። ማንም አልጠየቀም። አንዲት ላም ነበረች።

5:10 ጫካው ውስጥ ገባ።

5:40 ተኩስ ተሰማ። ጌጡ በዚያች ደቂቃ ቀፎ ሊያዩ ከመጡ አንድ ሽማግሌ ጋር ቆሞ የበርሜሉን ብየዳ ያስዳስሳቸው ነበር።

6:05 ደረሰ።

፱

"መጣሁ! የታለ? ቢላዬን ሞረድኩ፣ በሁለት ድንጋይ ነው የሞረድኩት!"

ቃሲም የራሱን ቢላ በሣር እየጠረገ ነበር።

"ጠበቅሁህ" አለ ቀና ሳይል። "ወላሂ፣ ዓይኑ እስኪፈዝ ጠበቅሁህ። ሊሞት ሲል ምን ላድርግ? በክቶ የጅብ ከሚሆን ብዬ ቢስሚላህ አልኩ።"

ጌጡ ምንም አልተናገረም።

አንባቢ ሆይ፣ ከላይ ያለውን ዓረፍተ ነገር ደግመህ አንብበው። እንዲህ ያለ ነገር ሲጻፍ የመጀመሪያው ነው።

፲

ሥጋው ተበልቶ ለዓመት የሚወራው ግን ይህ ነው፤ ሞተሯ ሠራች!

አራቱን ብልት በቅርጫቱ፣ ጎድንና ታናሽ የሚባለውን ሥጋ በበርሜሉ ጭነው፣ ጌጡ አስነሳ። ቁልቁለቱ ሲጀምር ግንዱን ጣሉት። ግንዱ ቀለለ፤ ሞተሯ መክነፍ ጀመረች። ቃሲም ሮጦ ግንዱ ላይ ቁጭ አለበት።

ድድድድድድድድድድድድድድድድድ

"ቀስ በል!" ይላል ቃሲም ከአቧራው ውስጥ።

"ፍሬን አይናገርም!" ይላል ጌጡ።

ጉሬዛዎች ዛፍ ለቀው ወደ ሌላ ወረዳ ተሰደዱ። ጅረቱን ሲሻገሩ ውሃው ለሁለት ተከፍሎ አሳለፋቸው። ቃሲም መጀመሪያ ጸለየ፣ ቀጥሎ ሰደበ፣ በመጨረሻ እንደ ልጅ እየሳቀ "ድገመው! ድገመው!" አለ። ሁለት ጎልማሶች፣ አንዱ ኮርቻ ላይ፣ አንዱ ግንድ ላይ፣ በሣቅ እንባቸው እየፈሰሰ ከተራራ ወረዱ።

ከዚያ ከተማው የሚታይበት ኩርባ ላይ ደረሱ። ጌጡ ሞተሯን አጠፋት። ከታች፣ ዋርካው ሥር፣ ሕዝቡ ይታያል።

፲፩

ጌጡ፦ ማን ያውቃል?

ቃሲም፦ አንተና እኔ። የአጎቴ ልጆች ከፈረንጁ ጋር ቀርተዋል።

ጌጡ፦ ሥጋ ላይ ስም አይጻፍም።

ቃሲም፦ አይጻፍም።

ጌጡ፦ ባዶ እጄን ብገባ ጉድ ነው። በአሥራ አራት ሰው ፊት ምያለሁ። ስንት ነገር ዋሽቻለሁ፣ በዚያ ላይ አንድ ቢጨመር...

ቃሲም፦ የነብሩን ማለትህ ነው?

ጌጡ፦ ነብሩ እውነት ነው!

ቃሲም፦ ጌጡ።

ጌጡ፦ እሺ።

ቃሲም፦ እኔ አልናገርም፤ የማልከው አንተ ነህ። ግን ስለ ነብር ስትዋሻቸው እያወቁ ነው የሚስቁልህ። በዚህኛው ሳያውቁ ያጎርሱሃል።

፲፪

እልልታው! ታቦት የወጣ ይመስል ነበር። ሴቶቹ አዋዜ በጥብጠው፣ ወንዶቹ ቢላ ስለው፣ መምሬ ሳህሉ ወንበር ወጥቶላቸው ተቀምጠው። ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል። ጌጡ መሐላውን በግማሽ ሰዓት ቀድሞ ፈጽሟል።

በርሜሉ ጠርዝ ላይ ወጣ።

"ቆዩ! አትንኩት! ያረደው ቃሲም ነው! አልደረስኩም!"

ሕዝቡ ቢላውን እንደያዘ ቀና አለ። ከዚያ ዋርካው እስኪነቃነቅ ተሳቀ።

"ይሄን ሰውዬ አይችሉትም!"

"ብቻውን ሊበላው ነው ጎበዝ!"

"ቀጥሎ አጋዘኑ ራሱ ነድቶ አመጣን ይለናል! ቢላ አቀብሉኝ እስቲ!"

"እውነቴን ነው!" ጮኸ ጌጡ። ይህን ቃል በየቀኑ ስለሚለው ሳቁ ባሰ። አንድ እጅ የታናሹን ሥጋ ይዟል። ቢላው ተነስቷል።

፲፫

ጌጡ በዚያን ጊዜ በአደባባይ የተናገራቸው እውነቶች፣ ምንም ሳይጨመር፦

"ጨፌ ጫካ ሠላሳ ኪሎ ሜትር አይርቅም። አሥራ አንድ ነው።"

(ሳቅ።)

"አሰላ ላይ የብስክሌት ውድድር አላሸነፍኩም። የተወዳዳሪዎቹን ኮት ነበር የምይዘው።"

(ሳቅ፣ ግን ከፊት ያሉት ተያዩ።)

"የበርሜሉ ሐሳብ በሕልሜ አልመጣም። የይርገዱ ነው።"

(ይርገዱ ብቻዋን እልል አለች።)

"ነብሩ ድመት ነበር። የካምፑ ወጥ ቤት ድመት። የሮጥኩትም እኔ ነኝ።"

(ማንም አልሳቀም።)

"ዛሬ የዘገየሁት መንገዱ ርቆብኝ አይደለም። ሞተሬን ለላም ሳሳይ ነው።"

ቢላው ወረደ።

ጌጡ ራሱን ከፍ ለማድረግ የማይለው ነገር የለም። ራሱን ዝቅ አድርጎ ግን አንድም ቀን ዋሽቶ አያውቅም። ይህን ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ሁሉም ያውቃል።

፲፬

ዝም።

 

 

ዝም።

፲፭

"ምን ሆናችኋል፣ ለቅሶ ነው እንዴ?"

የቃሲም እናት እማ ዘሃራ ናቸው፤ እልልታ ሰምተው ከታች ሰፈር ምርኩዛቸውን ይዘው የመጡ።

ቃሲም ነገራቸው። እማ ዘሃራ ሥጋውን አዩ፣ ሕዝቡን አዩ፣ ጌጡን ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

"ልጄ ካረደው አጋዘኑን እኛ እንበላዋለና! የኛ ሰፈር በጎች ገበያ ተዘግቶባቸው እንደ ቱጃር ወፍረው ተኝተዋል፤ የጠየቀን ሰው ጠፋ እንጂ። አጋዘኑ ወደ ታች፣ በጎቹ ወደ ላይ። አንተ ጌጡ፣ ምን አፍህን ትከፍታለህ? ያንን ጩኸታም ነገርህን አስነሳ! በጎቹ በእግራቸው እስኪመጡ ሊመሽ ነው!"

ድድድድድድድድድ

በጎቹ በበርሜሉ ውስጥ ቆመው፣ እንደ ባለሥልጣን ግራና ቀኝ እያዩ ዳገቱን ወጡ። መንገዱን ይዞ የቆመው ሰው እጁን አውለበለበላቸው። መጀመሪያ "በስመ አብ" ያለው ቢላ ሲወርድ ፀሐይዋ ገና ዋርካው ላይ ነበረች። ከታች ሰፈር የጥብሱ ጭስ፣ ከላይ ሰፈር የጥሬው ሁካታ፤ መሐል ላይ ድንኳ፣ ሞተሯ ሳይበርድ።

ጌጡን ያላጎረሰው ሰው አልነበረም። እያወቁ።

፲፮

"መምሬ፣ ንስሐ ይስጡኝ" አለ ጌጡ አፉን ጠርጎ።

"ሁዳዴን ከሥጋ ትጾማለህ፤ እሱ የሁላችንም ነው" አሉ መምሬ ሳህሉ። "አንተ ግን ከማጋነንም ትጾማለህ። ሃምሳ አምስቱንም ቀን።"

ጌጡ ገረጣ።

"መምሬ፣ በእመቤቴ! ሥጋውን መቶ ቀን ያድርጉብኝ!"

"ሃምሳ አምስት።"

"ከ... ከመቼ ጀምሮ?"

"ጾሙ የሚገባው ሰኞ ነው።" መምሬ ፈገግታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። "ዛሬ ቅበላ ነው።"

ጌጡ ብድግ አለ። ወንበር ላይ ወጣ። ሕዝቡም ጠጋ ጠጋ ብሎ ተቀመጠ፤ የሚመጣውን ያውቃልና። ጉሬዛዎቹ ወደ ሌላ ወረዳ የተሰደዱትና ጅረቱ ለሁለት የተከፈለው በዚያ ምሽት፣ እዚያ ወንበር ላይ ነው። ቃሲም ራሱ ምስክርነቱን ሰጠ፤ "እንዲያውም ለሦስት ነው የተከፈለው" አለ።

፲፯

ሰኞ ጠዋት፣ አንድ ሰዓት፤ የጾሙ የመጀመሪያ ቀን።

ከሐዋሳ እህል ሊጭን የመጣ አንድ የአይሱዙ ሾፌር ከጌጡ በር ላይ ቆመ።

"ጋሼ፣ ትናንት በዚህች ሞተር አጋዘን አወረዱ የሚባሉት እርስዎ ነዎት?"

"ነኝ።"

"ቀንዱ ስንት ክንድ ነበር?"

ቀንዱን ፈረንጁ ጭኖት ሄዷል። ከጌጡ ሌላ ያየው ቃሲምና የአጎቱ ልጆች ብቻ ናቸው፤ እነሱም ገና አልነቁም። ይርገዱ መስኮቱን ከፍታ ክርኗን ደገፍ አደረገች።

ጌጡ ሁለት እጆቹን ዘረጋ። ትንሽ ሰበሰባቸው። መስኮቱን አየ። እንደገና ዘረጋ።

"ቀንዱማ" አለ፣

"                                        ክንድ።"