አንድ ብቻ የሚጎርስ ሃያ ሁለት

ሐምሌ ፱ ቀን ፲፱፻፹፮ ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር፤ ዕድሜዬም ስልሳ ሦስት። በስደት በምንኖርበት የባሕር ማዶ ከተማ፣ በሬክስዴል ሰፈር፣ በአሥራ አንደኛው ፎቅ ላይ በሚገኘው አፓርትመንታችን መስኮት አጠገብ ቆሜ፣ በከተማው ሌላ ጫፍ፣ ስካርቦሮ ከሚኖረው ወዳጄ ከገብረ ክርስቶስ ጋር በስልክ እነጋገር ነበር። ሙቀቱ ብርቱ ስለ ነበረ በሩን ለነፋስ ከፍቼዋለሁ። ባለቤቴ ኤልፍነሽ ከገበያ ተመልሳ ደጃፉ ላይ መቆሟን አላየሁም።

«ሃያ ሁለት ልገዛ ነው» አልኩት። «ወረቀቱን አስገብቻለሁ። ያገለገለ ቢሆንም ግድ የለኝም፤ ዋጋው ካልከበደኝ ይበቃኛል። ለኤልፍነሽ ግን ገና አልነገርኳትም።»

ፌስታል ወለሉ ላይ ሲቀመጥ ሰምቼ ዞር አልኩ። ፊቷ እንደ ወትሮው ነበር።

«እንደምን ዋሉ?» አለችኝ።

በሠላሳ አንድ ዓመት ትዳራችን ኤልፍነሽ «አንተ» ስትለኝ ኖራለች። አንቱታው የሚመጣው ስትቀየመኝ ብቻ ነው። እንግዳ ሰው ቢሰማት አክብሮት ይመስለዋል፤ እኔ ግን ከስድብ ይልቅ እፈራዋለሁ። አራት ቀን ሙሉ «ምሳዎ ቀርቧል»፣ «ደብዳቤ መጥቶልዎታል» እየተባልኩ ከረምኩ። ምስጢሬን እንደ ደረሰችበት ስለ ገመትኩና ጥፋተኛ ስለ ሆንኩ፣ እኔም ዝም አልኩ።

ረቡዕ ማታ እራት ላይ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ለመሆኑ ስንት ክፍል አለው?»

«ምኑ?»

«ቤቱ ነዋ! ሃያ ሁለት ማዞሪያ የሚገዙት ቤት!»

«የምን ቤት?»

«ደግሞ ይክዳሉ! ወረቀት አስገብቻለሁ፣ ለኤልፍነሽ አልነገርኳትም... በስተርጅና አዲስ አበባ ማንን ሊያስገቡበት ነው? ያገለገለ ቢሆንም ግድ የለኝም ያሉት ቤቱን ነው ወይስ ሴትዮዋን?»

ሳቄን መግታት አልቻልኩም። «ኤልፍዬ፣ ሰፈር አይደለም። ጠመንጃ ነው። ሃያ ሁለት የጥይቱ ስፋት ነው፤ ትንሽ ናት፣ ከጥፍርሽ እምብዛም አትሰፋም። ጓደኛዬ ሊዮ በሚሄድበት ክበብ የወረቀት ዒላማ ይመቱባታል።»

እርስዋም ሳቀች። ጥቂት ቆይቶ ግን ሳቁ ከፊቷ ወረደ።

«ቤት ቢሆን ይሻለኝ ነበር» አለች።

ለምን እንዲህ እንዳለች አውቃለሁ። ታናሽ ወንድሟ አዲስአለም በ፲፱፻፸ ዓ.ም. በሃያ ዓመቱ ተገድሏል። በዚያ ቀን ከቀትር በኋላ እርስዋ ከሰፈሩ ቧንቧ ውሃ ለመቅዳት ተሰልፋ ነበር። እሩምታ ተሰማ። ከሴቶቹ አንዷ «ስንት ሰው ይሆን?» ብላ ስትጠይቅ፣ ኤልፍነሽ ተኩሱን ለመቁጠር ሞክራ አልሆነላትም። እሩምታ አይቆጠርም። በማን ላይ እንደ ተተኮሰ ያወቀችው ማድጋዋን ይዛ ቤቷ ከደረሰች በኋላ ነው።

የእኔም ምክንያት ለራሴ ትልቅ ነበር። ወደዚህ አገር ከመምጣታችን በፊት አሥራ አንድ ዓመት የአንድ ነጋዴ የቆዳ መጋዘን ዘበኛ ነበርኩ። የተሰጠኝ አሮጌ ምንሽር ነው፤ ጥይቱን ግን ነጋዴው በጠረጴዛው መሳቢያ ቆልፎ ይይዘው ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ጠመንጃ ተሸክሜ አንድም ጊዜ ሳልተኩስ ቀረሁ። ሌባ ቢመጣ ዒላማዬን እመታ ወይም እስት እንደ ሆነ ሳላውቅ ሸመገልኩ። በፕላስቲክ ፋብሪካው አብሮኝ የሠራውና አብሮኝ ጡረታ የወጣው ሊዮ አንድ ቀን ወደ ክበቡ ወስዶ ጠመንጃውን ሲያውሰኝ፣ ያ የቆየ ጥያቄ ተቀሰቀሰብኝ። እንግሊዝኛ ማንበብ የተማርኩት በስተርጅና፣ ከፋብሪካው ካርቶኖች ጽሑፍ ላይ ብቻዬን ነው፤ የጠመንጃ ጥንቃቄ ትምህርቱን መጽሐፍ በዚያው ዓይነት ንባብ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ፈተናውን አለፍኩ።

ይህን ሁሉ ነገርኳት። በመጨረሻም የሸሸግኩትን ጨመርኩ። «ፈቃዱን የሚሰጠው ፖሊስ ደውሎ አንቺን ይጠይቅሻል። አልፈልግም ካልሽ ነገሩ እዚያው ያበቃል።»

ሳህኖቹን ሰበሰበች።

የፖሊስ መኮንኑ የደወለው በማግስቱ ነው። ስልኩን እርስዋ አነሳች፤ እኔ ከመኝታ ቤት ሆኜ አደመጥኩ። ብዙ ካዳመጠች በኋላ፣ «ዌይት» አለችው። «አይ ሉክ ፈርስት።» ዘግታም ወደ እኔ መጣች። «ሳላይ አልመሰክርም። ቅዳሜ ይውሰዱኝ።»

በከተማው ምዕራብ ወደሚገኝ አንድ የአደን ዕቃ መደብር ሊዮ በመኪናው ወሰደን። ኤልፍነሽ የእጅ ቦርሳዋን በሁለት እጅዋ ይዛ ከኋላችን ገባች። ሻጩ ለእኔ አቅም ይሆናሉ ያላቸውን ሦስት ጠመንጃዎች በጨርቅ ላይ ደረደረ።

አንደኛው ጥይቱን ራሱ እየጎረሰ የሚተኩስ ነበር፤ ሻጩም «ጣትህን ከማንቀሳቀስ በቀር ሥራ የለብህም» እያለ አሞገሰው። ሁለተኛው ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ የኋላውን ብረት በእጅ መሳብ የሚጠይቅ፣ አዲስና ቀላል ነበር። ትከሻዬ ላይ ሳስደግፈው እንደ ተለካልኝ ያህል ገጠመኝ፤ ልቤ በዚህ ላይ ወደቀ። ሦስተኛው ያገለገለ ነው፤ እንጨቱ ተጫጭሯል፤ ዋጋው የሁለተኛውን ግማሽ አይሞላም። ሊዮ ኮቦርግ በምትባል የዚሁ አውራጃ ከተማ የተሠራ መሆኑን ነግሮኝ፣ አፈሙዙን ወደ ብርሃን አዙሮ በውስጡ ተመለከተና «ጥርት ያለ ነው» አለ።

ኤልፍነሽ ወደ መጀመሪያው በአገጯ አመለከተች። «ይህ ስንት ይጎርሳል?»

ጠየቅኩላት። «አሥር።»

«እሩምታ ነዋ» ብላ አንድ ርምጃ ወደ ኋላ ሸሸች። «ይህስ?»

«አምስት» አልኩ፤ ከእጄ ሳላወርደው።

«ያስ፣ አሮጌው?»

«አንድ ብቻ። እርሱንም ካጎረስሽው በኋላ፣ ከኋላ ያለውን እንቡጥ በጣትሽ ስበሽ ካላቆምሽው አይተኩስም።»

ቦርሳዋን አስቀምጣ እንቡጡን በራስዋ ጣት ነካችው።

«የሚቆጠር ይሁን» አለች ቀስ ብላ። «ከሆነም የሚቆጠር ይሁን።»

የያዝኩትን ጠመንጃ ወደ ጨርቁ መለስኩ። ክብደቱን ትከሻዬ እስከ ዛሬ ያስታውሳል። ነገሩን ለማቅለል ያህል፣ «አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላል እኮ» አልኳት።

«መጣላቱን እናውቅበታለን፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ለምደነዋል። እኔን የሚያሳስበኝ አሥሩ ነው።»

ሊዮ ምን እንዳለች ጠየቀኝ። እኛ አገር ሰውም ጠመንጃም እንደሚጎርስ፣ በአንድ ቃል እንደምንጠራውም ላስረዳው ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። እርሱ ግን አሮጌውን አንስቶ ሰጠኝና፣ «ልክ ናት። አንድ ጥይት ብቻ ያለው ሰው ከመተኮሱ በፊት በደንብ ይተነፍሳል። ዒላማ የሚለመደው በዚህ ነው» አለኝ። ሻጩ ወረቀቴ እስኪደርስ ሊያቆይልኝ ተስማማ።

ሰኞ መኮንኑ እንደገና ደወለ። ኤልፍነሽ ቀጥ ብላ ቆማ፣ «ዋን» አለችው። «ኦንሊ ዋን። ኦኬ።» ሰውዬው «አንድ ምን?» ብሎ ሲጠይቅ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ እርስዋ ግን ዘግታበታለች።

ፈቃዱ ቅጠል መርገፍ ሲጀምር መጣ። ጠመንጃውን ቤት ባመጣሁ ዕለት ከኋላ የሚወጣውን ብረት ነቅዬ ሰጠኋት፤ ያለ እርሱ ጠመንጃው በትር ነው። ቀለበቷና ፓስፖርታችን በተቀመጡበት ሣጥን ቆለፈችበት። ስሙን «ምላሱ» አለችው። በመጀመሪያው ቅዳሜ ከሣጥኑ አውጥታ፣ በመሐረብ ጠቅልላ፣ «ምላሱን ይቀበሉኝ» አለችኝ፤ አሁንም በአንቱታ።

ክበቡ የአንድ አዳራሽ ምድር ቤት ነው። በዚያው ቅዳሜ ሃያ ርምጃ ያህል ርቆ በተሰቀለው ወረቀት ላይ አሥር ጥይት ተኮስኩ፤ አንድ በአንድ እያጎረስኩ፣ ሊዮ እንዳለው እየተነፈስኩ። ወረቀቱን አጣጥፌ ይዤ ገባሁና ምላሱን አስቀድሜ አስረከብኳት። ቆልፋ ስትመለስ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁላት።

መነጽሯን አድርጋ ቀዳዳዎቹን በጣቷ ጫፍ እየነካች ቆጠረች። ስምንት ላይ ስትደርስ ቆመች፤ ወረቀቱን ገለበጠች፤ ከመጀመሪያው ደግማ ቆጠረች። ከዚያ ቀና ብላ፣

«አንተ!» አለችኝ። «ሁለቱስ የት ሄዱ?»

«ከወረቀቱ ውጭ።»

«እንግዲያስ ያ ነጋዴ ጥይቱን የቆለፈው አውቆ ነው» አለች። ወረቀቱንም ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፈችው።

የጻፍኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ስለ ሆነ ተሳስቼ ይሆናል። ኤልፍነሽ በጨርቁ ላይ የነበሩት ጠመንጃዎች አራት ናቸው ትላለች፤ ቀዳዳዎቹም ሰባት እንጂ ስምንት አልነበሩም ባይ ናት። ወረቀቱ ቤት ስንቀይር ጠፋ። መኮንኑ የደወለበትን ቀን፣ ጠመንጃው የተሠራበትን ከተማ ወይም የዚያን ዘመን ደንብ ከእኔ አብልጦ የሚያውቅ አንባቢ ቢኖር፣ እንዲያርመኝ በትሕትና እለምናለሁ። አንቱታው የቀረበትን ቀን ግን አልተሳሳትኩም።