በቀትር የተመታው ኩሬ

አጥማጁ ቢሆነኝ ቀንቶ ነበር። ዝም ብሎ መቅናት እንዳይመስላችሁ፤ ድብን ብሎ ነው የቀናው። ለዚያውም በማን? መረብ አጣጣል ራሱ ባስተማረው በአበባው!

እስቲ ፍረዱ። አበባው ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃም ወርዶ፣ ወባ ጥሎት ሽንፋ ላይ ሲቀር፣ ከወደቀበት ያነሣው ቢሆነኝ ነው። አስታሞ፣ አብልቶ፣ መረብ ሰጥቶ የዓሣ ሙያ አስያዘው። በበጋ የሽንፋ ወንዝ ይቆራረጥና ኩሬ ኩሬ ሆኖ ይቀራል፤ አጥማጆቹም በየኩሬያቸው ይከርማሉ። ቢሆነኝ የላይኛውን ያዘ፣ አበባው የታችኛውን። ታዲያ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ገበያ ላይ ዓሣ የምትጠብሰው ዘሀቢያ «የአበባውን ካላገኘሁ መጥበሻዬን አልጥድም» ማለት ጀመረች። አይ ዘሀቢያ! ስንት ዘመን የቢሆነኝን ዓሣ ስትጠብስ ኖራ!

አበባው ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከያዘው ሁሉ ወፍራሙን ቀረሶ ዓሣ መርጦ ቢሆነኝ ቤት ይልካል። «አየሽልኝ ሲንቀኝ?» ይላል ቢሆነኝ ለሚስቱ። «ዓሣ አጥተሃል ማለቱ እኮ ነው!» እሷ ዓሣውን ትጠብሳለች፤ እሱም እየተሳደበ ይበላል።

ዱላውን ያነሣው ይኸን ጊዜ ነው። እዚያ አገር ውኃ በዱላ መምታት ያለ ሙያ ነው፤ አንዱ መረቡን ይዘረጋል፣ ባልንጀራው ከወዲያ በኩል ውኃውን እየመታ ዓሣውን ይነዳለታል። ቢሆነኝ ግን መረብ በሌለበት ነው የሚመታው። ቀትር ላይ፣ ፀሐዩ አናት ሲበሳ፣ አበባው መረቡን ኩሬው ዳር ካለው ቁርቁራ ዛፍ ላይ ሰቅሎ ጥላ ሥር ጋደም ይላል። ያኔ ቢሆነኝ ሸምበቆው ውስጥ ገብቶ ኩሬውን ይደበድበዋል። የፈራ ዓሣ ድንጋይ ሥር ይወሸቃል እንጂ ለመረብ አይወጣም። ቢታወቅበት አለቀለት! በሰው ኩሬ ተንኮል የሠራ አጥማጅ በዚያ ወንዝ ሁለተኛ መረብ አይጥልም፤ ሽማግሌዎቹ ኩሬውን ይነጥቁታል። ይኸን እያወቀ በጋውን ሙሉ መታ። የአበባው ዓሣ መነመነ፤ የቅዳሜው ግን አልቀረም። ከዚያችው ከጥቂቷ እየቀነሰ ይልካል! ቢሆነኝ ይኸ ጭራሽ አበገነው።

መጋቢት ላይ ሮዳስ የምትባል የዓሣ ተመራማሪ ከጎንደር መጥታ፣ ከሁለቱም ኩሬ የዓሣ ቅርፊት ወስዳ ነበር። ሚያዝያ ላይ ውጤቱን ይዛ ተመለሰችና ሁለቱንም ቁርቁራው ሥር አስቀመጠቻቸው።

«የአበባው ዓሦች ከእርስዎ ዓሦች በሦስት እጥፍ ይበልጣሉ» አለችው ቢሆነኝን።

ምናቸው እንደሚበልጥ እንኳ አልጠየቀም። «ምን ሲደረግ!» ብሎ ብድግ አለ። «የኔዎቹ ምን ጎደላቸው?»

ሮዳስ ሣቀች። «ጋሽ ቢሆነኝ፣ የሚበልጡት እኮ በጭንቀት ነው። ዓሣ ሲጨነቅ ደሙ ውስጥ አንድ ሆርሞን ይጨምራል። ደሙን ብለካ የሚነግረኝ የዛሬውን፣ መረብ ውስጥ ሲገባ የደነገጠውን ብቻ ነው። ቅርፊቱ ግን የወራቱን ያጠራቅማል። እነዚህን ዓሦች በጋውን ሁሉ ያሠቃያቸው ነገር አለ። ውኃውን መርምሬዋለሁ፤ የሁለታችሁም አንድ ነው። የነካቸው ሰው ነው።»

ቅርፊት ይመሰክራል ብሎ ማን ያስባል?

«እኔ ማን እንደሆነ አውቃለሁ» አለ አበባው።

ቢሆነኝ ተመልሶ ተቀመጠ።

«ጋሼ ናቸው። ግን ጥፋቱ የኔ ነው፣ አንድ ቀን ይብቃዎት ማለት ነበረብኝ። በቀትር እየመጡ ውኃውን ሲመቱልኝ አያቸዋለሁ። ምስጋና ስለማይወዱ ተደብቀው ነው የሚረዱኝ። እኔም እንዳላሳፍራቸው የተኛሁ እመስላለሁ። ዓሣው ሲያንስብኝ እንኳ ቅዳሜ ቅዳሜ መላኬን ያልተውኩት ለምን ሆነና?»

ሮዳስ ግንባሯን ቋጠር አደረገች። «ሲመቱልህ መረብህ ውኃ ውስጥ ነበር?»

አበባው ቀና ብሎ ቁርቁራውን አየ። ቀትር ነውና መረቡ እንደ ልማዱ ተሰቅሏል። ቀጥሎ ቢሆነኝን አየው፤ ትክ ብሎ አየው። ቢሆነኝ ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«ነበረ» አለ አበባው። «ሁልጊዜም ተዘርግቶ ነበረ።»

«እንግዲያው ውኃ መምታቱን ተዉት፤ ዓሦቹ ይረፉበት» ብላ ሮዳስ ዕቃዋን ሰብስባ ሄደች። አበባው መረቡን አውርዶ ትከሻው ላይ ጣለ፤ ደህና ዋሉም ሳይል ወረደ።

ቅናቱ በዚህ ለቀቀው እንዳትሉ! ቢሆነኝ እዚያው ቁጭ ብሎ ተንገበገበ። በዓሣ በለጠኝ፣ በገበያ በለጠኝ፣ አሁን ደግሞ ይኸው ሰው በመሆን በለጠኝ፤ ምን ቀረኝ? እያለ።

ቅዳሜ ሚስቱ መጥበሻውን ጥዳ ጠበቀች። ቀትርም አለፈ።

«ምነው፣ ዛሬ የአበባው ዓሣ ቀረሳ?» አለችው።

ቢሆነኝ በሩን በሩን ሲያይ ዋለ።