ሦስት ባዶ መስመር

መንስኤ፣ ይላል ቅጹ፣ ሦስት ባዶ መስመር ትቶላታል፣ ከዚያ በላይ ያለውን ርብቃ ያለ ችግር ሞልታዋለች፣ የድርጅቱ ስም፣ ባፈና እና ልጆቹ የእንጨት ሥራ፣ ሆሳዕና፣ ልጆቹ የሚባሉት እሷ ብቻ ናት፣ አባቷ ታፔላውን ሲያጽፉ ገና ይበዛሉ ብለው ነበር፣ ተጎጂ፣ ጠና ላምቤቦ፣ ዕድሜ ሃምሳ ስምንት፣ የሥራ ድርሻ አናጺ፣ የጉዳቱ ዓይነት፣ የቀኝ እጅ ሁለት ጣቶች መቆረጥ፣ ይህንንም ጽፋዋለች። መንስኤ ላይ ግን ቆማለች።

ከጠረጴዛው ማዶ የሠራተኛ ጉዳይ ተቆጣጣሪዋ ፈሪዳ ተቀምጣለች፣ ከዱራሜ ተዛውራ ከመጣች ዓመት ያልሞላት፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ አይቸኩሉ፣ ትላለች፣ የአሠሪው ቃል በራሱ እጅ ጽሑፍ መሆን ስላለበት ነው፣ የእሳቸውን ቃል ረቡዕ ሆስፒታል ሄጄ ወስጃለሁ፣ የመጋዙን መከለያ በገዛ ፈቃዴ ያነሳሁት እኔ ነኝ ብለዋል።

ብሏል። ጠና ለእሷም አስቀድሞ ነግሯታል፣ እኔ ነኝ ያነሳሁት፣ እርስዎ ቢሮ ነበሩ፣ አላዩም፣ በቃ። አባቷ ሞተው እዚህ ወንበር ላይ ከተቀመጠች ወዲህ እርስዎ ነው የሚላት፣ እኔ አንቺ ካልኩሽ እነሱ ምን ሊሉሽ ነው፣ ብሎ፣ ሠራተኛው እንዲያከብራት።

አላየችም? ሰኞ ጠዋት በዚህ በር ላይ ቆማ በሰርኩላሩ መጋዝ ጩኸት ላይ ጮኻ ያዘዘችው እሷ አይደለችም? ሁለት መቶ የተማሪ ዴስክ፣ ርክክቡ ዓርብ፣ ማለት ዛሬ፣ መከለያው ወፍራሙን ጣውላ እየያዘ ያዘገያል፣ ጋሼ፣ ያን ነገር አንሳውና እንገላገል፣ እስከ ዓርብ ብቻ፣ ይነሳ? አለ ጠና፣ አዎ ይነሳ፣ አለች፣ ቁልፍ አምጥቶ ፈታው። አደጋው የደረሰው ማክሰኞ ከምሳ በፊት ነው። ጩኸት አልሰማችም፣ የሰማችው ዝምታውን ነው፣ ማሽኑ ያለ ሰዓቱ ዝም ሲል።

መመሪያው ደግሞ እዚያው ግድግዳው ላይ አለ፣ የደህንነት መከለያ በማንኛውም ምክንያት አይነሳም፣ በትልልቅ ፊደል፣ አምና የአሠሪዎች ሥልጠና ወስዳ ስትመለስ ራሷ ጽፋ የለጠፈችው፣ የሥራ ውል ለእያንዳንዱ ሰው በሁለት ቅጂ፣ መነጽር፣ የአደጋ መዝገብ፣ ኢንሹራንስ፣ ሁሉ ነገር አላት፣ ሁሉ ነገር።

አባቷ ምን ነበራቸው? ምንም። ውል ማለት እጅ መጨባበጥና አጭር ጸሎት ነበር፣ ነገ ማለዳ ና፣ አለቀ። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው መዶሻው ሁሉ ይቆማል፣ መነጋገር ስለማይቻል ሁሉም በሩ ላይ ተሰብስቦ ጎርፉን ያያል፣ የተላገ ጽድ ሽታ ልብሷ ውስጥ ገብቶ ትምህርት ቤት ድረስ ይከተላታል፣ ጠና፣ ያኔ ጢሙ ጥቁር፣ በየአዲስ ዓመቱ፣ በያሆዴ፣ በበሩ መቃን አስጠግቶ ያቆማትና ቁመቷን በእርሳስ ያሰምራል፣ ካምናው መስመር እስከ ዘንድሮው በጣቱ ይለካል፣ ርብቄ፣ አራት ጣት ጨመርሽ! በእነዚያው ጣቶች። ተቆጣጣሪ የለ፣ ቅጽ የለ፣ ሰው በሰው ላይ እምነት ነበረው፣ እንዴት ያለ ጊዜ ነበር፣ ማንም አይጎዳ፣ ማንም አይካሰስ፣

ቆይ። ሊሻንስ?

የአባቷን ሠራተኛ ሊሻንን ረስታው ነበር። እሷ ዘጠኝ ዓመቷ፣ የመላጊያው ማሽን እጁን እስከ አንጓው ወሰደው፣ አባቷ ሳይውሉ ሳያድሩ ሽማግሌ ይዘው ሀቢቾ መንደር፣ ሊሻን ቤት ወረዱ፣ በሬ ታረደ፣ ተጸለየ፣ ተዘመረ፣ ባፈና እንዴት ያለ ሰው ነው፣ ተባለ፣ ቀኑን የምታስታውሰው እንደ በዓል ነው፣ ሥጋና ቆጮ በኮባ ላይ፣ ከእንሰቱ ጀርባ ድብብቆሽ፣ ሲመሽ እንሂድ ሲሏት ማልቀሷ፣ ከልጅነቷ ሁሉ ያን ቀን ነው የምትናፍቀው፣ ግን ጥግ ላይ ሊሻን ተቀምጦ ነበር፣ ሚስቱ እያጎረሰችው፣ አንዴም ቀና ሳይል። ለምን ተቆረጠ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ይቅር ተባባሉ፣ ስለ ምን እንደሆነ ሳይነገር። ማሽኑ በማግስቱ ሥራ ጀመረ። ሊሻን ከዚያ ወዲያ መዶሻ አልያዘም።

እሷም በሬ ማረድ ትችላለች። አሁንም ትችላለች። ከተማው ሁሉ የባፈና ልጅ ይላታል።

እሳቸው በራሳቸው አንስተው ከሆነ፣ ትላለች ርብቃ ጮክ ብላ፣ ምን ይሆናሉ?

መመሪያ የጣሰ ሠራተኛ ነው የሚባሉት፣ ትላለች ፈሪዳ፣ ካሳቸው ሊያከራክር ይችላል። በእርስዎ ትእዛዝ ከሆነ ግን ጥያቄው ወደ እርስዎ ይመጣል፣ ማሽኑ ይታሸጋል፣ ክስም ሊኖር ይችላል። ቀጥ ብላ ታያታለች፣ አታባብላትም፣ አታስፈራራትም።

መከለያው የተነሳው በእኔ ትእዛዝ ነው። ሠራተኛው ከማንሳቱ በፊት ጠይቆኛል፣ ይነሳ ብያለሁ። የጻፈችው ይኸው ነው፣ ሁለተኛው መስመር እንኳ አልሞላም።

ፈሪዳ ታነበዋለች፣ ይሄ እሳቸው ከሰጡት ቃል ጋር አይገጥምም፣ አዎ፣ ትላለች ርብቃ፣ ለእኔ ብሎ ነው፣ ትፈርማለች፣ ሰርኩላሩ ላይ ወረቀት ተለጥፎ ማኅተም ሲያርፍበት ሠራተኞቹ ዙሪያውን ቆመው ያያሉ፣ ወደ ቤታችሁ ግቡ፣ ደመወዛችሁ አይቋረጥም፣ ትላቸዋለች፣ ለትምህርት ቤቱ ደውላ ዴስኩ ዛሬ አይደርስም ትላለች፣ ርእሰ መምህሩ ይቆጣሉ፣ ይቆጡ።

በባጃጅ ሆስፒታል ትደርሳለች፣ ቀትር ነው፣ ጠና የተጠቀለለ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጣሪያ ያያል። ጻፍኩት፣ ጋሼ። ምኑን? እኔ እንዳዘዝኩህ። ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል፣ በዚህ ዕድሜዬ መንግሥት ፊት ውሸታም አደረጉኝ እኮ። ይቅርታ፣ ጋሼ። ማን ለምኖዎት? ማንም፣ ትላለች፣ ማንም አልለመነኝም።

ከረቡዕ ወዲህ ሁለት ሌሊት አልተኛሁም፣ ይላል እንደዞረ፣ ነርሶቹ ጣቴ መስሏቸው መርፌ ይወጉኛል፣ ጣቴ አይደለም እኮ፣ ለዚያች ተቆጣጣሪ ልጅ እግዚአብሔርን ጠርቼ ነው የማልኩላት፣ እና፣

እና ምን? ትጠብቃለች፣ አንድ ከባድ ነገር ሊላት ነው፣ ይበላት፣ ይገባታል፣ ጎንበስ ትላለች፣ ትንፋሹ ረዝሟል፣ ትከሻው ወርዷል፣ ያንኮራፋል፣ በጠራራ ፀሐይ። ነርሷ መርፌዋን ይዛ ትገባለች፣ ርብቃ እጇን ታነሳለች፣ ተዪው፣ ተኝቷል።