ደግመህ ሙትልን!

እኔ ሆራስ ፒኖክ መድረክ ላይ ድምፄን ስለቀው ብሪስቶል ወደብ የቆሙ መርከቦች ንፋስ የመጣ መስሏቸው ሸራ ይዘረጉ ነበር። ይህን የሚክድ ካለ ያኔ አልተወለደም። እንዲህ ያለውን ሰው ነው እንግዲህ ሳይላስ ትዌይት የሚባል አንገተ ቀጭን ተዋናይ ጉድ የሠራው።

የቲያትር ቤታችን ባለቤት እመቤት ጋሮዌይ ቁርጡን ነግረውን ነበር፤ «ዛሬ ማታ ሕዝቡ ስሙን ጠርቶ ከመጋረጃው ፊት ያስወጣው፣ የሚመጣው ዓመት ዋና ተዋናይ እሱ ነው። የቀረው ሽማግሌና ሎሌ ሆኖ ይጫወታል።»

በተውኔቱ መጨረሻ መስፍኑን የምጫወተው እኔ፣ ጠላቴን የሚጫወተውን ትዌይትን በሰይፍ ወግቼ እገድልና ሬሳው አጠገብ ቆሜ ንግግር አደርጋለሁ። ያንን ንግግር ሰምቶ ያላለቀሰ ሥጋ ሻጭ በከተማው የለም።

ወጋሁት። ትዌይት ግን መች ቶሎ ይሞታል! ተንገዳገደ፣ መጋረጃ ጨበጠ፣ መድረኩ ጫፍ ላይ እስካሉት የጋዝ መብራቶች ድረስ ዳኸ፣ ተንፈራገጠና ተዘረረ። አፌን ልከፍት ስል ሰገነቱ ላይ የተጠቀጠቀው ሕዝብ አገሩን በጩኸት አናጋው።

«ትዌይት! ደግመህ ሙትልን!»

የእኛ ሕዝብ ደስ ያለውን ሞት ያስደግማል። ሬሳው ተነሳ፣ ጉልበቱን አራገፈ፣ እጅ ነሳ።

«ውጋኝ እንጂ፣ ፒኖክ» አለኝ በጥርሱ መሀል። «እንግዶቼን አታስጠብቅብኝ።»

«አንተ ልክስክስ፣ ንግግሬን ልታስቀርብኝ ነው?»

«ማን ሊሰማህ? ይልቅ ቶሎ በል፣ እጅህም እንደ ምላስህ ዶልዷማ ነው እንዴ?»

ደግሜ ወጋሁት። ይባስ ብሎ እናቱን እየጠራ ሞተ። «አሁንም!» አሉ።

ያኔ አሰብኩ፤ ገዳይ ከሌለ ሟች ከየት ይመጣል? ሰይፌን ሰገባው ውስጥ ከትቼ እጄን አጣምሬ ቆምኩ።

«ምን ሆነሃል? ውጋኝ!»

«አልወጋህም። ኑር!»

የትዌይት ፊት አመድ መሰለ። አሁን የኔ ተራ ነው ብዬ ደረቴን ነፋሁ። እሱ ግን ቀስ ብሎ ወደ ሕዝቡ ዞረ።

«ምሮኛል!» አለ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ። «ጠላቴ ምሮኛል! ይህን ውርደት ተሸክሜ እንዴት እኖራለሁ?»

ማንም ሳይነካው እግሬ ሥር ወድቆ ሞተ። ጣሪያው የተነሳ መሰለኝ። ወንዱ ባርኔጣውን ወረወረ፣ ሴቱ ተንሰቀሰቀ። ትዌይትን ወደ መጋረጃው ፊት እየጠሩ ድምፃቸው ተዘጋ።

እመቤት ጋሮዌይ ከመድረኩ ጀርባ መጥተው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«ፒኖክ፣ ግሩም ሐሳብ ነው! ከእንግዲህ ሁልጊዜ ትምረዋለህ። ንግግሩ ይቅር፤ ከዚያ ወዲያ ማን ይሰማዋል?»

ይኸው በየምሽቱ ሰይፌን ሰገባው ውስጥ እከታለሁ። እንደ እኔ አድርጎ ዝም የሚል ተዋናይ በእንግሊዝ አገር አልተፈጠረም። ትዌይትም በየምሽቱ ይሞታል፤ አንድ ቀን እንኳ የምሩን አላደረገውም።